የአያቶቻችሁን በረት የእንግዳ ቤት ማድረግ ካሰባችሁ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አያቴ የሠሩት በረት አለ። ከብቶቹ ከተሸጡ በኋላ ብዙ ዓመት ባዶውን ቆመ። ዶሮ ሲያድርበት፣ ጭድ ሲከመርበት፣ አንዱ ጎኑ ሲዘምም ዝም ብለን አየነው። በኋላ እኔና ወንድሜ አደስነው። አሁን ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የሚመጡ ዘመድና ወዳጆች፣ አንዳንዴም የወዳጅ ወዳጆች፣ ሦስት አራት ቀን የሚያርፉበት ቤት ሆኗል። «እንዴት አደረጋችሁት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ሰው ይህን ሁሉ መንገድ አቋርጦ የሚመጣው ከተማ ያለውን ክፍል ገጠር ላይ ሊያገኝ ብሎ አይመስለኝም። ስለዚህ ቤቱ በረት እንደነበረ እንዲያስታውቅ ተዉት። ደረቅ፣ ንጹሕና የሚሞቅ በረት ይሁን፣ በቃ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። ቤቱ የአያት ቢሆንም መሬቱ በይዞታ ደብተር የተያዘ ነው። ደብተሩ በማን ስም እንዳለ እዩ። ወንድም እኅት ካላችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ቤቱን ለእንግዳ ልታውሉት እንዳሰባችሁም ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ንገሩ። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ የሚነሣ ጭቅጭቅ ዘመድ ያለያያል።

ከዚያ በረቱን እዩት። በበጋ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ገብታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቁሙ። ውሃው በየት ነው የሚገባው? በጣራው ነው? ከጀርባ ካለው ቁልቁለት ነው? ወይስ ከታች ከመሬቱ ይመጣል? የእኛው ከጀርባ ነበር። ዳገቱ የጠጣውን ውሃ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳችን ይለቀው ነበር። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከቤቱ ጀርባ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ፣ ቤቱን ከላይ በኩል እንደ ማጭድ አቅፎ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ መቆፈር። ሁለት ሰው በዶማ አንድ ቀን ፈጀበት። ለዚያ ቤት ካደረግነው ሁሉ ይህ ቦይ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

በዚያው ቀን ቢላዋ ያዙና ምሰሶውንና ቋሚዎቹን አንድ በአንድ፣ ከመሬት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ውጉ። ጫፉ ቶሎ ከጠለቀ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ወይራና ጽድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፣ የአያቶቻችን ቤት የቆመው በእሱ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ከላይ ጠንክሮ ከታች ያለቀ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለውን ጨርሶ መንቀል ላያስፈልግ ይችላል። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ደረቁን ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ይህን ሥራ ግን የሰፈር አናጢ ይሥራው፤ ጣራውን በድጋፍ ሳያሲዙ ቋሚ መቁረጥ ሰው ይገድላል።

ወለሉ ላይ አትስነፉ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ከብት ሠላሳ አርባ ዓመት የኖረበት መሬት ሽንቱን ጠጥቶ ጠግቧል። በሽንቱ ውስጥ የነበረው ጨው አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ላዩን ብትጠርጉት፣ ብትለቀልቁት፣ ሲሚንቶ እንኳ ብታፈሱበት ክረምት ሲገባ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ግድግዳው ከታች በኩል ነጭ ነጭ ያወጣል፣ ምርጊቱም እየተፈረፈረ ይወርዳል።

እኛ ይህን ያወቅነው ከደረሰብን በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለጥምቀት እናድርስ ብለን ቸኮልን። አሮጌውን ወለል ደልድለን ላዩን ለቀለቅነው፣ ግድግዳውንም አዲስ መረግነው። በጥር እንዴት አምሮ ነበር! ሰኔ መጨረሻ ላይ ሄጄ በሩን ስከፍት የከብት ሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ግድግዳውን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ፤ የረገፈውን ምላሴ ላይ ሳደርገው ጨው ጨው ይላል። ደጅ ወጥቼ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የወንድሜ የዕረፍት ቀናት፣ የእናቴ ገንዘብ፣ የጎረቤቶቻችን ደቦ፣ ያ ሁሉ ልፋት ነበር የረገፈው።

ስለዚህ ቆፍሩት። ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል፣ ጠቆር ያለው አፈር አልቆ ሽታ የሌለው ቀይ አፈር እስኪመጣ። ከብቶቹ ታስረው ይቆሙ በነበረበት በኩል ጠልቆ ታገኙታላችሁ። ከግድግዳውም ከታች እስከ ወገብ ድረስ ያለውን አሮጌ ጭቃ አራግፉት፣ እሱም ጨው ጠጥቷል። አፈሩን ግን እንዳትጥሉት። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሁሉ ጆንያ ይዞ መጥቶ ለድንች ማሳው ወሰደው። ሲበተን ሳሳ ተደርጎ ይሁን፤ አንድ ቦታ ከተቆለለ ተክል ያቃጥላል።

ጉድጓዱን ከታች በትልልቅ ድንጋይ ሙሉት፣ በመካከሉ አፈር አትጨምሩ። ባዶ የቀረው ክፍተት ነው እርጥበቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው። በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ የተረገጠ ቀይ አፈር። ወለሉ ከደጁ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። የመጨረሻውን ልቅለቃ እናቶች በሚያውቁት በእበትና በአመድ አስለቅልቁት፤ ሲደርቅ አይሸትም፣ እግር ላይም ይሞቃል። አቅም ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፍ።

ጭቃ፣ ጣራና ብርሃን

ለምርጊት የሚሆነው ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። እህል ተወቅቶ ጭድ አለ፣ ገበሬውም ትንሽ እጁ ተፈትቷል። ጭቃውን በጭድ አቡክታችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስተኙት። በየሦስት አራት ቀኑ ውሃ እያጠጣችሁ ርገጡት። መሽተት ሲጀምርና እንደ ሊጥ ሲለጠጥ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ቢሰነጣጠቅ አትደንግጡ፤ ሁለተኛው እንዲይዝ ይጠቅማል። ለመጨረሻው ልስን የጤፍ ጭድ ፈልጉ፣ ቀጭን ስለሆነ ግድግዳው እንደ ድስት ይለሰልሳል። በቀጥታ ፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ እርጥብ ጆንያ ጣል ጣል አድርጉበት።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ብዙ ሰው «ይጠነክራል» እያለ ያደርገዋል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶው ሲዘጋበት ውሃው ውስጥ ቀርቶ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ቀስ በቀስም ሲሚንቶው በአንድ ላይ ተገንጥሎ ይወድቃል።

የሥራ ቀን ስታስቡ የወሩን በዓላት ቁጠሩ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ከዚህ ሌላ የደብሩ ታቦት አለ፣ ቅዳሜና እሑድም አለ። በእነዚህ ቀናት ጭቃ የሚረግጥላችሁ ሰው አታገኙም፣ መለመንም ነውር ነው። ከሰባቱ ቀን አራቱን ከተሠራላችሁ ደኅና ነው። እኛ ጥምቀት፣ ጥምቀት እያልን የቸኮልነው ይህን ሳንቆጥር ነበር።

ጣራ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። የሣር ክዳን ሙቀት ይይዛል፣ ዝናብ ሲመታው አይጮኽም፣ ለዓይንም ያምራል። ግን እሳት ይፈራል፣ በየጥቂት ዓመቱም መጠገን ይፈልጋል። ቆርቆሮ ይበረክታል፤ ነገር ግን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ጠዋት ላይ ከውስጥ ያልባል። እኛ ቆርቆሮ መትተን ከሥሩ የቀርከሃ ምንጣፍ ድርብ አድርገን ኮርኒስ አወጣንለት። ቀርከሃ በጮቄ ተራራ ግርጌም በእንጅባራ በኩልም ይገኛል። በበጋ የተቆረጠና ሦስት ዓመት ያለፈው ይሁን፤ ለጋው ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል። ክፈፉን ከግድግዳው አንድ ክንድ አስወጡት፣ ምርጊቱን ከዝናብ የሚያድነው እሱ ነው።

መስኮት በረት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ክፈቱ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ ትውረድ። በሁለት ቋሚዎች መካከል ይግባ እንጂ ቋሚ ተቆርጦ መስኮት አይወጣም። መብራት ከሌለ አነስተኛ ሶላር ለሁለት አምፖልና ለስልክ ይበቃል።

ብርዱና ከሰሉ

ይህን አንቀጽ ሳታነቡ እንዳታልፉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከከተማ የመጣ ሰው ሲበርደው የመጀመሪያ ሐሳቡ ከሰል ማስገባት ነው። በፍጹም። ከሰል የሚያወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጭሱ አልቆ ፍሙ የቀላ ከሰል ደኅና ይመስላል፣ ግን እሱም ገዳይ ነው። እኔ በሩ ጀርባ ላይ በትልቁ «ማንደጃ ይዞ መተኛት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ማታም ማንደጃውን ራሴ ወይም ጎረቤታችን ደጅ እናወጣዋለን። እንግዳው ቅር ይበለው።

በምትኩ አልጋውን አሙቁ። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ ከታች ወፍራም ፍራሽ፣ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ካገኛችሁ ከሁሉም ይበልጣል። እሳት መሞቅ ለሚወድ ደግሞ ደጅ ላይ ጉልቻ አበጁለት። ከተኙበት ይልቅ የሚያስታውሱት የምሽቱን እሳት ነው።

ስለ ቁንጫ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፣ ምክንያቱም የመጣ እንግዳ ሁለተኛ እንዳይመጣ የሚያደርገው እሱ ነው። የቁንጫ ዕጭ የሚያድገው በወለል ስንጥቅ ውስጥ ባለ አቧራ ነው። ካደገ በኋላም በሽፋኑ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሰው እርምጃና ትንፋሽ ሲሰማው ይወጣል። ለዚህ ነው አንድ ወር ተዘግቶ የከረመ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት ላይ የሚያሳክከው። እንግዳ ከመምጣቱ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ግቡ። ተመላለሱበት፣ ጥጋጥጉን ጥረጉ፣ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ፣ ምንጣፉንና ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፣ አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ። ዶሮና ውሻ ከዚያ ወዲያ አይግቡ።

መጸዳጃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውሃውም በታች በኩል ይሁን። ክዳንና መዝጊያ ይኑረው፣ አጠገቡ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና። የመጠጥ ውሃ አፍሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ እንደ ቆላው አይደለም፣ ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተዉት። ባቄላና አተር የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፣ የምታበስለውን ሴት አታዋክቡ።

እንግዳው ሲመጣ

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። አደይ አበባው አለ፣ ገብሱ እየቀላ ነው፣ መንገዱ ደርቋል። የገናና የጥምቀት ሰሞን ለበዓል ያምራል፣ ብርዱ ግን አለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ይነሡ፣ የዓባይን በረሃ ፀሐዩ ሳይበረታ ይለፉት፣ ከጎሐ ጽዮን ሲወርዱ መኪናውን በማርሽ ይያዙት እንጂ በፍሬን ብቻ አይተማመኑ። ከመነሣታቸው በፊት ባለው ቀን ደግሞ ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። እዚያው ያለን ሰዎች «ዛሬ አትምጡ» ካልን አይምጡ።

ምግቡን ከጾሙ ጋር አስማሙ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ረጅም ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። «የጎጃም ቅቤና እርጎ» ብሎ የመጣ እንግዳ በጾም ከመጣ ጎረቤት ቤት ወተት አያገኝም። ይህን በስልክ ስትነጋገሩ ንገሩት። በጾሙም ቢሆን ይጠግባል፦ ትኩስ እንጀራ በሽሮ፣ ከማሳ የወጣ ድንች ተቀቅሎ በሚጥሚጣ፣ የገብስ ቆሎ፣ ማር ከተገኘ ማር።

የምታበስለውን፣ ውሃ የምትቀዳውን፣ ሌሊት የሚጠብቀውን ሰው ከመንደሩ ውሰዱ፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ዘመድ ነን» እያላችሁ በነጻ አታሠሩ። የገጠር ሰው አፍሮ ዝም ይላል፣ ግን ይጎዳል። እኛ እንግዳው ገንዘቡን በቀጥታ ለምታበስለው እናት እንዲሰጥ እናደርጋለን። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ በሁለት እጇ ስትቀበል ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እንግዳውም የማንን እንጀራ እንደበላ ያውቃል።

እንግዶቻችሁን ትንሽ ምከሯቸው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ቆም ብለው «እንዴት ዋላችሁ» ይበሉ፣ እያለፉ ሰላምታ መወርወር እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ፣ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተለይ። ቡና ተጠርተው ከሄዱ አንድ ሲኒ ጠጥተው ብድግ አይበሉ።

ጮቄ መውጣት የሚፈልግ እንግዳ ካለ አንድ ሙሉ ቀን ይያዝ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ነው፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። የደረሱ ዕለት ግን አይውጡ፣ ራስ ምታቱ ያስቀራል። አንድ ቀን ያርፉ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዘው በጠዋት ይነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ወርዶ መንገዱን ስለሚሸፍነው ሳይመሽ ይመለሱ። ሌላውን ቀን ግን ምንም አታዘጋጁላቸው። ደጅ ቁጭ ብለው ከብት ሲገባ ይዩ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ስታድሱ ሁሉን አትላጉ፣ ሁሉንም ቀለም አትቀቡ። እኛ ግርግሙን አላፈረስነውም፤ ላዩን በሳንቃ ሸፍነን ረጅም መቀመጫ አደረግነው፣ ልጆች እዚያ ላይ ይተኛሉ። መካከል ላይ ያለው የወይራ ምሰሶም እንዳለ ነው። ከወገብ በላይ ሻካራ ነው። ከወገብ በታች ግን በአንድ በኩል ተቦርቡሮ፣ ለስልሶ፣ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። አናጢው መጥረቢያውን ይዞ ሊያስተካክለው ሲጠጋ እናቴ ናት «ተወው» ያለችው። አሁንም በመጣች ቁጥር መጀመሪያ እዚያ ጋ ሄዳ እጇን የለሰለሰው ቦታ ላይ ታሳርፋለች። በሬያችን ቦራ የሚታከክበት ነበር።